ከጉድጓዱ የመጣ ወንፈል

ይህን ከራሴ ፈጥሬ አልጻፍኩትም። በእርግጥ የሆነ ነው።

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ... በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው የጀመረው።

ቦታው ከቡሬ ወደ ሽንዲ ሲኬድ ያለ አንድ የግጦሽ መሬት ነው። ዘመኑ ጣሊያን አገሩን የያዘበት።

ያንን መሬት ጣሊያን ገልብጦ የድንጋይ ከሰል ሲያወጣበት ከረመ። ቆፋሪዎቹን ከሩቅ አገር በግዳጅ አምጥቶ ነበር። አንድ ቀን የጉድጓዱ ግድግዳ ተናደባቸው። የሚያወጣቸው አልተገኘም። ስማቸውን የሚያውቅ ስላልነበረ አልቃሽ እንኳ አላገኙም።

ብዙም ሳይቆይ አርበኞች መንገዱን ሲዘጉበት ጣሊያን ጉድጓዱን ትቶ ምሽጉ ገባ።

ለባለ ርስቱ ለክንዱና ለሚስቱ ለታንጉት የቀረላቸው ጥቁር ገደል ነው። ሣር የለ። ሚዳቋውም ቆቁም ሸሽቷል። የበሬዎቹ አጥንት ወጥቷል፤ ለሰኔ እርሻ ካልደረሱ ደግሞ የዓመት ጉርስ የለም።

ጎረቤቱ በወንፈል መጥቶ አፈር እየጎተተ ጉድጓዱን ይሞላላቸው ጀመር። ወንፈልን መቼም ታውቁታላችሁ፤ ዛሬ ለእኔ ከሠራህ ነገ ለአንተ እሠራለሁ። ሳይመልስ የሚቀር ሰው በዚያ አገር ሰው አይባልም።

ክንዱም መለሰ። የአንዱን ውቂያ፣ የሌላውን አጥር... የሁሉንም መልሶ ሲጨርስ ወባ ጣለው።

ጉድጓዱ ገና ሩቡም አልሞላ።

ታንጉት ብቻዋን ቀረች። ቀይ አፈር በቅርጫት ትሸከማለች፣ ትደፋለች። ጉድጓዱ የበላው አይታወቅበትም።

ሽማግሌው ጎረቤቷ አያ ዳኘው አንድ ቀን ጠጋ ብለው አንሾካሾኩላት።

«ልጄ... ቀትር ላይ እንኳ እዚህ አትቆዪ።»

«እኔ እረፍት መች ጠላሁ፣ አያ? በሬዎቹን ማን ያድርስልኝ? እሱ እንደሆነ ከመደብ አልተነሳ።»

ሽማግሌው ጉድጓዱን አይተው አማተቡና ሄዱ።

በማግስቱ፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ወገቧ እንቢ አላት። ጀርባዋን ለጉድጓዱ ሰጥታ ቁጭ አለች።

ድም...

ድም...

የዶማ ድምፅ። ከኋላዋ።

ጎረቤት የደረሰላት መሰላት። እንባዋ መጣ። ዞራ ለማየት እንኳ አቅም አጣች።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች እንደተቀመጠች። «ወንፈላችሁን ባሌ ይመልሳል።»

ዶማው ሁሉ ባንድ ጊዜ ቆመ...

የሚያዳምጧት ይመስል።

ዞረች። ማንም የለም።

ጉድጓዱ ግን እኩሌታው ሞልቷል።

አፈሩ ደግሞ እሷ ስትደፋ የከረመችው ቀዩ አይደለም። ጥቁር ነው... እርጥብ። ከታች የመጣ።

ለክንዱ አልነገረችውም። የታመመ ሰው ምን ያስጨንቁታል? እውነቱን ለመናገር ደግሞ ደስ ብሏታል፤ ሥራው ቀለላት።

በሳምንቱ ጉድጓዱ ሜዳ ሆነ። የሚያዝያ ዝናብ ሲጥል ሣሩ በቀለ። በሬዎቹ ነፍስ ዘሩ። ሚዳቋዎቹም ተመለሱ።

ግን አይግጡም። ጆሯቸውን አቁመው፣ አንገታቸውን ደፍተው... መሬቱን ያዳምጣሉ።

እርሻው ባለቀ ማግስት፣ ቀትር ላይ፣ ከአጥሩ ውጭ ሰው ተጣራ። አነጋገሩ የዚያ አገር ሰው አይመስልም።

«ክንዱ!... ተራው የእኛ ነው።»

ክንዱ ገና በቅጡ አላገገመም። ቢሆንም ዶማውን አነሳ።

«ማን ነው?» አለችው በሹክሹክታ።

«እንጃ። ወንፈል ነው አሉ።»

«የሁሉንም መልሰሃል እኮ!»

«አንቺ የተቀበልሽው ይኖር ይሆናላ።»

ያስጠራው ያን ቀን ጉድጓዱ አፍ ላይ «ባሌ ይመልሳል» ያለችው ቃል መሆኑን ያኔ አወቀች።

«አትሂድ... በሞቴ!»

«ወንፈል እንዴት ይቀራል፣ ታንጉቴ...»

ድክም ባለ ድምፅ ተናግሮ ወጣ።

ተከትላው ሮጠች። ሜዳው ላይ ሰው የለም። ሣሩ አልተረገጠም።

ተደፍታ ጆሮዋን መሬቱ ላይ አደረገች።

ድም... ድም...

ከታች።

ድምጿ እስኪዘጋ ስሙን ጠራች። በጥፍሯ ቆፈረች። አልሆን ሲላት ሰው ልትጠራ ወደ መንደር ተመለሰች፤ ጀንበር እያዘቀዘቀች ነበር።

ክንዱ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል።

ከአናቱ እስከ እግሩ ጥቁር አፈር ለብሷል። አንገቱን ደፍቷል።

«ተመስገን!» አለች። ውሃ አሙቃ፣ ከሥራ እንደገባ ሰው እግሩን ታጥበው ጀመር።

ውሃው ጠቆረ። ደፍታ ሌላ ቀዳች። እሱም ጠቆረ።

እግሩ ግን አልጠራም። አልሞቀምም።

ያኔ ከሜዳው በኩል ቀጭን፣ የዛለ ድምፅ መጣ... የክንዱ ድምፅ።

«ታንጉቴ... ውሃ አምጪልን...»

እጇ ውሃው ውስጥ ደረቀ።

ከፊቷ የተቀመጠው ሰው ቀና አላለም።

«አትሂጂ» አላት ቀስ ብሎ፣ ከአጥሩ ውጭ በተጣራው ሰው አነጋገር። «ብዙ ቆፈርን... ደክሞኛል።»

ሌላኛውን እግሩንም ዘረጋላት።