አክሬሰንስ የሚለው ቃል

ኖላዊት አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለው አሳ ቤት መዝገበ ቃላቷን ገልጣ ትጠብቃለች።

ለአርባ ምንጭ ሰው የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። ለደኅንነት መሥሪያ ቤቷ ግን የምስጢር ስሟ «ሽፈራው» ነው።

ዛሬ የምታስረክበው ሰው ነው። መሣሪያ አዘዋዋሪዎቹን ያጋለጠው ሾፌር ዳልጮ የት እንደተደበቀ እሷ ብቻ ታውቃለች። አዲስ አበባ የሚልከው፣ አለቃዋ እንኳ የማያገኘው መልእክተኛ ቦታውን ከእሷ ሰምቶ ያሸሸዋል። ሌላ ጆሮ ከሰማው ግን ዳልጮ አለቀለት።

አንድ ጃኬት የለበሰ ሰው ከፊቷ ተቀመጠ። በዚህ ሙቀት ጃኬት!

«ምን እያነበቡ ነው ቲቸር?»

«አክሬሰንስ የሚል ቃል ገጥሞኝ። ያውቁታል?»

«ቀስ በቀስ ማደግ ማለት ነው።»

መልእክተኛው እንዲለይበት የተቀጠረው የምስጢር መልስ ይኸው ነበር። እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረበት። ሰውዬው ግን ወሬ ጣፈጠው መሰለኝ፣ ቀጠለ።

«ለመጽሐፍ እንጂ ለወሬ አይሆንም፤ በተለይ ለዕፅዋት ነው። ለቀልድ ከሆነ ግን የአለቃ ቦርጭ አክሬሰንስ ይባላል» ብሎ ሳቀ።

ኖላዊት ክው አለች።

ያቺን የራሷን ቀልድ ከአፏ የሰማው ጌታነህ ብቻ ነው። አለቃዋ። እጮኛዋም ጭምር፤ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ነበር። ቃሉን ስታስጠናው በገዛ ቦርጩ ቀልዳበት እንባው እስኪፈስ ስቆ ነበር። ውይ የሰው ነገር! ገዳይ ሲያሠለጥን ቀልዷን እንኳ አላስቀረላትም።

እንደ ምንም ፈገግ አለች።

«ዳልጮ ካምባ ነው ያለው። ከገበያው ጀርባ፣ ወፍጮ ቤት።»

«አብረን እንሂዳ።» እጁ ጃኬቱ ውስጥ ገባ።

«እሺ። እጄን ልታጠብና።»

በጓሮ በር ወጣች።

ሮጠች።

ዳልጮ በእርግጥ ወደተደበቀበት ወደ ምዕራብ ዓባያ ስትደርስ ከሙዝ እርሻው ጠርታ ሙዝ የጫነ አይሱዙ ላይ አሳፈረችው።

«አንቺስ እህቴ?»

«ሂድ። ዞረህ እንዳታይ።»

ከዚያ አዲስ አበባ ደወለች።

«ጌታነህ ሸጦናል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

ትወደው ነበር። አሁንም ትወደዋለች። «ነኝ» አለች።

ዳልጮ በሰላም መድረሱን የሰማችው በማግስቱ፣ ወደ ገረሴ ከተማ የሚወጣ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ ነው። ወዲያው ስልኳ ጮኸ፤ ጌታነህ ነበር።

«ኖሊዬ፣ ሰዎች ደጄ ላይ ቆመዋል! አንድ ነገር በያቸው...»

ድምፁን ለመጨረሻ ጊዜ ሰማችው።

«ተሳስተዋል ወንድሜ። ኖላዊት የምትባል አላውቅም።»

ሲም ካርዱን አውጥታ በመስኮት ጣለችው።

«ማን ልበልሽ ልጄ?» አሏት አጠገቧ የተቀመጡት እናት።

«አስቴር» አለች፤ እንባዋን መቆጣጠር ግን አቃታት።