«ቢሮዬ ነይ»

እኛ ልጅ መሸኘት እናውቅበታለን። ጂቱ ኢተፋ ከሱሉልታ ወደ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ልትሄድ በነበረበት ዋዜማ እናቷ ወይዘሮ ተረፈች በሶውን አስፈጭተው፣ ዳቦ ቆሎውን ቆልተው፣ ብርድ ልብሱን ጠቅልለው ጨርሰው ነበር። ጎረቤቱም እየገባ መርቆ ወጣ። አባቷ ኦቦ ኢተፋ ግን አንድ ነገር የጎደለ መሰላቸው።

«ኦዳ፣» አሉት የበኩር ልጃቸውን። ኦዳ ያንኑ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ከተማው ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ሆኗል። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አገሩን አታውቀውም። አንተ የኖርክበት ነው፤ እስቲ ቁጭ ብለህ ንገራት።»

ኦዳ ዓይኑን ከስልኩ አላነሳም። «ምኑን ልንገራት አባ? ለእኔስ ማን ነገረኝ? ገብታ ትልመደው።»

ይህች «ለእኔስ ማን ነገረኝ» የምትባል ነገር የብዙ ቤት በሽታ ናት። ጭቃ ረግጦ ያለፈ ሰው፣ ከኋላው ለሚመጣው ጭቃውን ማሳየት ለምን እንደሚከብደው እኔ በበኩሌ አይገባኝም።

ጂቱ ጎበዝ ነበረች። በትምህርት ቤቷ ሒሳብ የከበደው ሁሉ እሷን ይጠይቅ ነበር። እዚያ ግን ቢሮ የሚባለው ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው። ቢሮ የተጠራ ተማሪ ያጠፋ ነው፤ ዳይሬክተሩ ፊት ይንበረከካል፣ «ወላጅ አምጣ» ይባላል። ጂቱ ቢሮ ተጠርታ አታውቅም፤ ኩራቷም ይህ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ገብታ የመጀመሪያውን የሒሳብ ፈተና ወደቀች። ወጣቱ መምህሯ አሥራት ወረቀቷ ላይ «ቢሮዬ መጥተሽ አነጋግሪኝ» ብሎ ጻፈ። ጂቱ ክው አለች። እንደ እሷው አዲስ የሆነችውን የዶርም ጓደኛዋን ያኔትን ጠየቀቻት።

«ምን አጥፍቼ ይሆን?»

«እኔ እንጃ። ኮርጃለች ብሎሽ ይሆናል። ዝም በይ፣ ይረሳዋል።»

ዝም አለች። ሌላ ቀን አሥራት ተማሪ ፊት «ጂቱ፣ ቢሮዬ ነይ እንጂ» ሲላት መሬት መሬት እያየች «እሺ ቲቸር» አለች፤ አልሄደችም። ከዚያ ወዲህ ከኋላ መቀመጥ ጀመረች። ቀጥሎም ከነጭራሹ መቅረት። የቀረችባቸው ቀናት ስለበዙ የማጠቃለያ ፈተናውን እንዳትፈተን ተከለከለች። ልቧ ከሸሸ በኋላ ሌሎቹም ትምህርቶች አልሆኑላትም። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ከተባረሩት አንዷ ሆነች።

ቤቷ ስትመለስ እናቷ የቋጠሩላት በሶ እንኳ ገና አላለቀም ነበር።

ቢሮ መጠራቷን ስትነግረው ኦዳ ተቆጣ። «መምህሩ ጠምዶሽ ነው!» አላት። የተረከበችውን ንብረት ለመመለስ ወደ ዩኒቨርሲቲው ስትሄድ አብሯት ሄደ፤ እሷን በር ላይ ትቶም አሥራት ቢሮ ዘው ብሎ ገባ።

«እህቴን ለምን ጠመዷት?»

«ማን? ጂቱን?» አሥራት ብድግ አለ። «ደጋግሜ ጠራኋት እኮ! የጀመረችበት መንገድ ትክክል ነበር፤ መሐል ላይ ነው አንድ ነገር የሳተችው። ከሰዓት በኋላ በሬን ከፍቼ የምቀመጠው እንዲህ ያለውን ለማስረዳት ነው። አብረን ብናየው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም ነበር።»

«ታዲያ እንደዚያ ብለው አይጽፉላትም? እኔም እዚሁ ነው የተማርኩት፤ እኛ ቢሮ ሲባል የምናውቀው ቅጣት ነው!»

አሥራት ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ሁሉም የሚያውቀው መስሎኝ» አለ። «ልጽፍላት ይገባኝ ነበር።» ከዚያም ጠየቀው። «አንተም እዚሁ ተምሬያለሁ ብለሃል። ለአንተ ማን ነገረህ?»

ኦዳ «ማንም» ሊል አፉን ከፈተ። ያኔ ጣቢታ ትዝ አለችው፣ የሰበታዋ ልጅ፣ ሲኒየሩ። እሱም በመጀመሪያ ዓመቱ እንዲህ ተጠርቶ ዶርም ውስጥ ሲደበቅ፣ «ና አንተ ሞኝ፣ ሊያስረዱህ ነው እኮ!» ብላ እየሳቀች መምህሩ በር ድረስ ወስዳው ነበር። ነግራዋለች። ዲግሪውን ይዞ ሲወጣ እሷን ረሳት።

ዞር ሲል ጂቱ ደፉ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

«ግቢ እንጂ» አላት አሥራት።

«አሁንማ ምን ያደርጋል ቲቸር» አለችው።

አውቶቡስ ውስጥ ኦዳ ወደ እህቱ ዞረ። «ጂቱ፣ ለእኔስ የነገረኝ ሰው ነበር» አላት።

«ምን ብሎ?»

«ሊያስረዱህ ነው ብላ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ጂቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ማልቀሷን ያወቀው በትከሻዋ ነው። እሱም አላባበላትም፤ በምን አፉ ያባብላታል?

እንደገና ለመግባት አመለከተች፣ አልተፈቀደላትም። ዛሬ ሱሉልታ ውኃ የሚያሽግ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። በዓመቱ የከተማው ልጆች ዩኒቨርሲቲ ሲመደቡ ኦዳ ሰብስቦ የሚያውቀውን ሁሉ ነገራቸው፤ መቅረት የሚያስከትለውን፣ ከሲኒየር ጋር ማጥናትን፣ ያልገባን ነገር መጠየቅ ድፍረት አለመሆኑን። ጂቱም ከሥራ ስትወጣ ጎራ አለች። አንድ ነገር እንድትላቸው ሲለምኗት ብድግ ብላ «ቢሮዬ ኑ ከተባላችሁ… ሂዱ» አለችና መጨረስ አቅቷት ወጣች።

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ያልተናገረው ኦዳ ነው፤ የቀረባት ግን ጂቱ ናት። እናንተ ቀድማችሁ ያለፋችሁ፣ እናንተም መምህራን፣ እንዲህ ያለው ነገር ለእናንተ ተራ ስለሆነ ሁሉም ያውቀዋል አትበሉ። በሶ ስትቋጥሩላቸው ይህችንም አንዲት ቃል አብራችሁ ቋጥሩላቸው።