የወይን ሐረግ የታተመበት በረንዳ

እማዋይሽ የልጃቸውን ሞት የሰሙት ገበያ ላይ ነው። መካነ ኢየሱስ ገበያ ዳር ምስራቸውን ዘርግተው ተቀምጠው ሳለ፣ ከጋይንት ቤተ ልሔም የመጡት የሩቅ ዘመዳቸው መሪጌታ አያሌው ጎንበስ አሉና «እግዚአብሔር ያጽናዎት። ነፍሱን ይማረው፣ ገብረ ሥላሴን» አሏቸው።

ገብረ ሥላሴ የትንሹ ልጃቸው የታከለ የክርስትና ስም ነው። አገር የሚያወራው ግን ታከለ ብሔራዊ ውትድርናን ሸሽቶ ሱዳን ገባ ብሎ ነበር።

ምስሩ ተደፋ። እማዋይሽ ነጠላቸውን መሬት ለመሬት እየጎተቱ ፖሊስ ጣቢያ ገቡ።

ሃምሳ አለቃ ውቤ ሲያያቸው ከወንበሩ ተነሣ። ታከለ ከጠፋ ጀምሮ በየሳምንቱ እየመጡ «ልጄን ፈልግልኝ» ይሉታል። እሱም አንድ ሰው አስሮ የፈለገ መስሎት ነበር። የታሰረው አበጀ ነው፤ ታከለ ከመጥፋቱ በፊት አብሮት ይሠራ የነበረው ግንበኛ። ሥራ ላይ ተጨቃጭቀዋል ተብሎ ነው እንጂ ሌላ የተገኘበት ነገር የለም።

መሪጌታ ያሉትን ሁሉ ሲነግሩት «ለመሪጌታ ማን ነገራቸው?» አለ ውቤ።

«ጓዴ። ወንድሙ። ቤተ ልሔም ድረስ ሄዶ የአርባ ፍትሐት አስደርጎለታል። ለእኔ ለእናቱ ግን ትንፍሽ አላለም።»

መሪጌታ ተጠሩ። «እውነት ነው» አሉ። «ሱዳን በረሃ ሞተብኝ አለ። ዛሬ ነው አርባው፣ እንዳያልፍብኝ ብሎ እግሬ ላይ ወደቀ።»

ውቤ ቀኑን ጠየቃቸው። ከዚያ በጣቱ አርባ ቀን ወደኋላ ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ፤ ያው ነው።

የጓዴ ቤት ገበያው ራስጌ ነው። ጓዴ የቀበሌው ሊቀ መንበር ነው፤ «ጓድ ጓዴ» ሲሉት ሰዎች አፋቸውን ሸፍነው ይስቃሉ። በረንዳው ግን አያስቅም። አበጀ አስመራ ከጣሊያን የተማረውን ጥበብ ያፈሰሰበት ነው። ኮንክሪቱ ሳይደርቅ ዘይት የተቀባ የእንጨት ቅርጽ እየተጫነ፣ ዳር እስከ ዳር የወይን ሐረግ ታትሞበታል። ከስማዳ ድረስ እየመጡ ያዩታል።

ውቤ ሲደርስ ጓዴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«መርዶውን ለምን ደበቅህ?»

«እናቴ እንዳትጎዳብኝ።»

«ማን ነገረህ?»

«ከመተማ የመጣ ነጋዴ።»

«የሞተበትን ቀንም?»

«ቀኑንም።»

«ተሳስቶ ቢሆንስ?»

«ሰው በነፍስ ነገር ቀን ይሳሳታል እንዴ?»

«እንግዲያው ስማ» አለ ውቤ። «ሱዳን ሞተ በምትለው ቀን ታከለ እዚህ በረንዳህ ላይ ጠጠር ሲደለድል ነበር። በደጅህ ሳልፍ ሰላም ብዬዋለሁ። በማግስቱ ነው ኮንክሪቱ የፈሰሰው።»

ጓዴ ወደ ቤቱ ሊመለስ ዞረ።

«ና ውጣ። እንሂድ።»

ጓዴ ወጣ። ውቤ አወጣጡን አየ። ጓዴ ወደ ግራ ያለችውን ጥግ ላለመርገጥ ግድግዳውን ታክኮ ዞረ። ቤቱ በተመረቀ ዕለትም ሰው ሁሉ በሐረጉ ላይ እየተመላለሰ ሲያደንቅ እሱ እንዲህ ነበር የሚዞረው። ውቤ ያን ጊዜ ለአዲስ በረንዳው ሳስቶ መስሎት ስቆ ነበር። አሁን ግን ጥጓን አተኩሮ አየ።

አበጀን ከእስር አስፈትቶ በዲጂኖ ያቺን ጥግ አስፈነቀላት። አበጀ የገዛ ሐረጉን በገዛ እጁ ሰበረ። ከጠጠሩ ሥር መጀመሪያ የታየው የታከለ ጋቢ ጥለት ነው። አበጀ ዲጂኖውን ጥሎ ፊቱን አዞረ። ሳያውቅ በሰው ሬሳ ላይ ነው ሐረግ ያተመው።

ጓዴ ተንበረከከ። «ለውትድርናው ኮታ በልጄ ፈንታ እሱን ሰጠሁ» አለ። «ያን ዕለት ሰማ። ሥራው አልቆ አበጀ ሲሄድ ጠብቆ ‹ሸጥኸኝ› አለኝ። በአካፋ መታሁት። አንዴ ነው የመታሁት፣ ውቤ። ለአበጀ በማግስቱ ኮበለለ አልሁት።»

«ገድለህ ቀብረኸው ስታበቃ ፍትሐት ምን አስኬደህ?»

«ወንድሜ አይደለም እንዴ? ያለ ፍትሐት ይቅር?»

ውቤ እጁን የፊጥኝ አስሮ አስነሣው።

ከጣቢያው ተከትለው የመጡት እማዋይሽ እስከዚያ ድረስ በተፈነቀለው ኮንክሪት አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ከጥለቱ ላይ አፈሩን በእጃቸው ያራግፋሉ።

«ውቤ ልጄ» አሉ ቀና ሳይሉ። «አንዱን ፈልግልኝ አልሁህ እንጂ ሁለቱንም ውሰድብኝ መቼ አልሁህ?»

የተሰበሰበው ሰው ቃሬዛ አምጥቶ ታከለን አሳረፈበት። ለመሸከም ግን ማንም ቀድሞ አልተጠጋም።

እማዋይሽ ተነሡ። ወደ ጓዴ ጣታቸውን ቀሰሩ፤ ፊቱን ግን አላዩም።

«ገመዱን ፍታለት» አሉ። «መጀመሪያ ወንድሙን ይሸከም። ከዚያ ውሰደው።»

ውቤ ፈታለት።