እጀታው እንዳይቆም

በረዶው ድንገት ወረደባቸው። ናስር በቅሎዋን እየጎተተ ከቋጥኝ ሥር ሲሸጎጥ፣ መንገድ መሪው ካሣዬ ጋቢውን በራሱ ላይ ጥሎ ይስቅበት ነበር።

«አይ የፒያሳ ነጋዴ! እዚህ ጃንጥላ የሚሸጥልህ የለም!»

ናስር ለሳቅ አቅም አልነበረውም። ታናሽ ወንድሙ ያሕያ ለአረፋ እመለሳለሁ ብሎ በዚሁ መንገድ ሄደ፤ አረፋ አለፈ፤ እሱ ግን አልተመለሰም። እናታቸው ሐዲጃ የሱን ድርሻ ሥጋ ቋንጣ አድርጋ ሰቅላ በር በሩን ታያለች። ያሕያ በበቅሎ የጫነው ራዲዮ ነበር፤ ባትሪ የማይፈልግ፣ እጀታውን ሲያሽከረክሩት የሚናገር፣ እጅ ሲያርፍ ደግሞ ጥቂት ቆይቶ ዝም የሚል። መብራት ባልገባባቸው የጃናሞራ መንደሮች ሊያዳርሰው ነበር። «ሂድ፣ ሸጋ ገበያ ነው» ብሎ የላከው ናስር ራሱ ነው። አሁን ያ ቃል እንቅልፍ ነሥቶታል።

በረዶው ሲያባራ ጉም ከገደሉ ሥር እየተንፏቀቀ ወጥቶ መንገዱን ዋጠው። ሲንጫጩ የነበሩት ጭላዳ ዝንጀሮዎች ባንዴ ጸጥ አሉ። በቅሎዋ ጆሮዋን አቁማ አልራመድም አለች። ካሣዬ አፉን በመዳፉ ይዞ ቁልቁል ጠቆመ።

ከመንገዱ በታች፣ ጠባብ እርከን ላይ፣ ነብር የሞተች በቅሎ ይዘነጥላል። ቀና ብሎ አያቸው። ሳይቸኩል ተመልሶ አጎነበሰ፤ ጉሙም ጋረደው። በበድኑ ላይ የተጠመጠመውን ሰማያዊ የናይለን ገመድ ግን ናስር አወቀው። ከገዛ ሱቁ የወጣ ነው።

በቅሎዋን እየጎተቱ ትንሽ እንደተጓዙ፣ ከጉሙ ውስጥ ሰው ተናገረ። የተረጋጋ የወንድ ድምፅ ነበር። ቀጥሎ ሴት በማያውቁት ቋንቋ አወራች። ከዚያ ከበሮ ተመታ። ድምፁ የሚመጣው ከእግራቸው ሥር፣ ባዶ ከሚመስለው ገደል ነው።

ካሣዬ አማተበ። ከፊታቸው ዱላ የያዙ ሰዎች ብቅ አሉ፤ የቅርቡ መንደር ሽማግሌ፣ የካሣዬ ትውቅ አያ ወልደ ገብርኤል ከፊት ነበሩ።

«ምነው ወዲህ መጣችሁ? ተመለሱ! ከሰንበት ወዲህ ይኸው ይለፈልፋል። መጀመሪያ ‹ድረሱልኝ› እያለ ጮኸ። በጉም ውስጥ የሚጠራን፣ መልኩን ሳናይ ‹አቤት› አንልም፤ ደንባችን ነው። ዝም ብንለው በሰባት ቋንቋ ያወራ ገባ። ሰው እንዲህ ያወራል?»

ናስር ወደ ሽማግሌው ተጠጋ። «አያ፣ ራዲዮ ነው! በእጅ ካላዞሩት አይናገርም። እዚያ ታች በሕይወት ያለ እጅ አለ!»

ወዲያው ድምፁ ተቋረጠ። ከሥር ክርር… ክርር… የሚል ተሰማ፤ ሴትዮዋ ካቆመችበት ቀጠለች።

«ካወጣኸው ጋኔኑ መንደራችን ይገባል!» አለ አንዱ ዱላውን አንሥቶ። ናስር ገፍትሮት አለፈ። የበቅሎዋን የጭነት ገመድ ፈትቶ ከአስታ ዛፍ ግንድ አስሮ ወገቡ ላይ ጠመጠመው።

«ፈሪ ለእናቱ ይላሉ፤ እኔም እናት አለችኝ» አለ ካሣዬ፣ ከበቅሎዋ ኋላ እየሸሸ።

«ቢስሚላህ» ብሎ ናስር ወረደ። ድንጋዩ ያዳልጣል፤ ገመዱ መዳፉን ይልጣል። ራዲዮው ዝም ባለ ቁጥር ከጎኑ ጠጠር ሲንሸራተት ይሰማል፤ ሲናገር ጠጠሩም ይቆማል። አብሮት የሚወርድ ነገር ነበር።

ያሕያን አለት ሥር አገኘው። እግሩ ተሰብሮ፣ ዐይኑ ጎድጉዶ፣ ባዶ የበሶ ስልቻ ታቅፎ እጀታውን ያዞራል። መዳፉ ተልጦ እጀታው ደም በደም ሆኗል።

«ያሕያ! እኔ ነኝ፣ ናስር!»

«ዝም ሲል ይመጣል» አለ ያሕያ። ወንድሙን አላወቀውም።

ነብሩን ያራቀለት ድምፅ ሰውንም እንዳራቀበት ናስር ያኔ ገባው። ያሕያን ከራሱ ጋር አስሮ ወደ ላይ ጮኸ።

«ሳቡን! አያ ወልደ ገብርኤል፣ ሳቡን!»

መልስ የለም። ጉም ብቻ። እላይ ቆመው ይሰሙታል፤ ግን አፋቸውን አይከፍቱም። ወንድሙ እንዴት እንደከረመ በገዛ ጉሮሮው አየው።

«የሐዲጃ ልጅ ናስር ነኝ! ወንድሜ እዚህ ነው፤ ሰው ነው፤ እየደማ ነው!»

የያሕያ ክንድ ዛለ። ራዲዮው ድምፁ እየተጎተተ ዝም አለ። ጠጠር ተንሸራተተ፤ አሁን በጣም ቅርብ ነው። ናስር እጀታውን ሊይዝ ቢሞክር የወንድሙ ጣቶች አልላቀቅ አሉ።

«አያ ወልደ ገብርኤል!»

ከላይ የሽማግሌው ድምፅ መጣ።

«አቤት!»

በዚያ አገር ለጉም የመለሰ ሰው ታይቶ አይታወቅም። ገመዱ ተወጠረ። ብዙ እጅ ነበር የሳበው።

በቃሬዛ ሲሸከሙት ያሕያ እንደገና ማዞር ጀመረ፤ ትኩሳቱ አላስተኛ ብሎታል። ናስር ለሽማግሌው የሚናገረው መራራ ቃል አፉ ላይ ነበር። ሽማግሌው ግን ቃሬዛውን ተጠግተው የያሕያን ጣቶች አንድ በአንድ ፈቱ።

«በቃህ ልጄ፤ አምጣ እኔ ላዙር።»

ያሕያ አያቸውና ለቀቀው፤ ዐይኑን ጨፈነ። ናስርም ቃሉን ዋጠው። አያ ወልደ ገብርኤል የማያውቁትን ቋንቋ እያስለፈለፉ፣ እንባቸው በጢማቸው እየወረደ፣ መንደር እስኪደርሱ እጀታውን አላቆሙም።