በጎን ወይስ ከጀርባ

«ልብስ ቢሆን ኖሮ፣ ዚፑ በጎን ይሁን ወይስ በጀርባ እያሉኝ ነዋ!» አለች ልብስ ሰፊዋ የፌንጣ እናት፣ ዶክተሯ ስለ ልጇ ቀዶ ጥገና ሲነግሯት።

ዶክተሯ ከት ብለው ሳቁ። «ልክ እንደሱ! ሃያ ዓመት ሙሉ አጥንት ስጠግን እንዲህ ያሳጠረልኝ ሰው አላጋጠመኝም።»

ፌንጣ ግን አልሳቀችም። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ቀኝ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ፣ እብጠቱ እስኪቀንስ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሆስፒታል ተኝታለች። ነገ ጠዋት ቁርጭምጭሚቷ ይጠገናል። እሷን የከበዳት ግን ከእግሯ በላይ ሌላ ነገር ነበር።

ዶክተሯ ይበልጥ ግልጽ እንዲሆን ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው በእስክሪብቶ አሳዩ። «ይቺ በውጪ በኩል ያለችው ቀጭን አጥንት ተሰብራለች። በጎን ከፍተን፣ ብረት አስደግፈን በብሎን እናስራታለን። የለመድነው መንገድ ይሄ ነው። ከኋላ ደግሞ ይቺ ስባሪ አለች። ትንሽ ከሆነች ራሷ ስለምትገጥም አንነካትም። ትልቅ ከሆነች ግን ልጅቷን በሆዷ አስተኝተን፣ ከኋላ ከተረከዙ ጅማት አጠገብ ብንገባ ይሻላል፤ ስባሪዋን በዓይናችን እያየን እንገጥማታለን። ችግሩ፣ እዚያ ጋ የሚያልፍ ነርቭ አለ። ከተነካ የእግሯ ጠርዝ ሊደነዝዝ ይችላል።»

«ታዲያ ለሷ የትኛው ይሻላታል?»

«እሱን የሚነግረኝ አወዳደቋ ነው። እኔ ራጅ ብቻ አይቼ አልወስንም» አሉና ወደ ፌንጣ ዞሩ። «ደረጃ ላይ ተንሸራተሽ እግርሽ ተጠመዘዘ፤ አይደል? እንደሱ ከሆነ በጎን መግባቱ ይበቃናል። ከከፍታ ወድቀሽ ቢሆን ኖሮ ግን የኋላዋ ስባሪ ራጁ ላይ ከምትታየው ልትበልጥ ስለምትችል፣ ዛሬውኑ ሲቲ ስካን አስነሳሽ ነበር።»

ፌንጣ የትራሷን ጫፍ መጎንጎን ጀመረች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች እናቷ ቀድማ። «ቅዳሜ ጠዋት ደረጃውን በሳሙና አጥቤ፣ ሳልወለውለው ስፌቴ ላይ ተቀመጥኩ። እጄን በቆረጠው!»

ይህን ስትል ዘጠነኛ ቀኗ ነው። ለጎረቤት ነግራለች፣ ለነርሷ ነግራለች፣ አልጋ ለምታነጥፈው ሴትዮ ሳይቀር ነግራለች። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህም የስፌት መኪናዋን አልነካችም።

ፌንጣ ግን ከደረጃ አልወደቀችም። ትንሽ ልጅ ሳለች፣ ከታላቅ ወንድሟ ጋር ከቤታቸው ጀርባ ካለው አሮጌ ጋራዥ ጣሪያ ላይ እየዘለሉ አሸዋ ክምር ላይ ያርፉ ነበር። እሱ ቀድሞ ይዘልና ከታች እጁን ዘርግቶ «ፋራ አትሁኚ፣ ነይ በቃ!» ይላታል። ፌንጣ ብሎ ስም ያወጣላትም እሱ ነው። ፀጉሯ ውስጥ የገባውን አሸዋ እናታቸው ሳታይ በጣቶቹ ያራግፍላት ነበር። ያ ጊዜ እንዴት ደስ ይል ነበር! አንድ ቀን እሱ ጥርሱን ሲሰብር ግን እናታቸው ሁለቱንም ጣሪያው ላይ ሁለተኛ እንዳይወጡ አስማለቻቸው። አሁን እሱ ሩቅ አገር ሥራ ይዟል። ሲደውልም «ትምህርት እንዴት ነው?» ብሎ ይዘጋል።

ጋራዡ ሊፈርስ ነው ሲባል ስትሰማ ሆዷ ባባና፣ ያን ቅዳሜ ብቻዋን ወጣች። አሸዋው ከተነሳ ዓመታት እንዳለፉት ታውቃለች፤ የናፈቀው ሰው ግን ምን ያስባል? ዓይኗን ጨፍና ዘለለች። ከዚያ በጉልበቷ እየዳኸች ቤታቸው ደረጃ ድረስ ሄዳ፣ እዚያ ቁጭ ብላ ጮኸች። መሐላዋን ማፍረሷ እንዳይታወቅ ነበር።

ዶክተሯ የቀዶ ጥገናው ፈቃድ ወረቀት ላይ «በጎን» ብለው ጻፉና ለእናቷ ሰጧት። «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

መርፌ የበሳሳቸው የእናቷ ጣቶች እስክሪብቶውን ያዙ። ፌንጣ እጇን ዘርግታ የእናቷን እጅ ያዘች።

«እማዬ፣ ቆይ አትፈርሚ።»

«ምነው የኔ ልጅ፣ አመመሽ?»

«አላመመኝም» አለችና ወደ ዶክተሯ ዞረች። «ዶክተር፣ ከፍታ የሚባለው ስንት ሜትር ሲሆን ነው?»

ዶክተሯ ወረቀቱን ቀስ ብለው መልሰው ወሰዱት። እናቷ አንዴ ዶክተሯን፣ አንዴ ልጇን አየች።

«ደረጃው ደርቆ ነበር፣ እማዬ» አለች ፌንጣ፣ እጇን ሳትለቅ።