ጣት የሚያውቀው

ቅዳሜ ጠዋት የጭነት መኪናው ከማንጎው ጥላ ሥር ኮፈኑ ተከፍቶ ቆሟል። ሞተሩ ከትናንት ጀምሮ ስላልተነሳ ብረቱ ሁሉ ቀዝቅዟል። ከጎኑ ለሞተሩ አየር የሚገፋለት፣ ቀንድ አውጣ የሚመስለው ቱርቦ ይታያል፤ አየር የሚያስገባለት ወፍራም የጎማ ቱቦ ተፈትቶ መርገጫው ላይ ተጋድሟል። ሠናይት ቱቦው ውስጥ ነጭ ጨርቅ ከትታ አዟዟረችና አውጥታ አየችው። አቧራ እንጂ፣ ያለቀ ቱርቦ የሚተፋው ዘይት የለበትም። በቱርቦው አፍ የምትታየው ትንሽ መዘውር ክንፎቿ ሙሉ ናቸው፤ አንዱም አልተሸረፈም፣ ዙሪያውን ያለውን ግድግዳም አልፋቀም።

ይህ ሁሉ ኻሚስ ጣቱን ከማስገባቱ በፊት ነው።

ኻሚስ የአባቷ ረዳት ነው፤ ሥራውን ከጀመረ ገና ዓመት አልሞላውም። መዘውሯ መሃል ያለውን ዘንግ ይዞ ወደ ጎን ነቀነቀው። ዘንጉ ትንሽ ተወዛወዘ።

«ጋሽ የሻው! ይሄ ነገር ሞቷል፤ ወላሂ ሞቷል!»

«አንተ ጋ የማይሞት ነገር የለም» አለ አባቷ ከመኪናው ሥር። «ባለፈው ባትሪው ሞቷል ብለህ ስታስለቅሰን፣ ገመዱን ራስህ ሳታስር ቀርተህ ነበር።»

«ያ ሌላ ነው! ይሄ ሊወልቅ እንደደረሰ ጥርስ ይነቃነቃል።»

የሻው እጁን እየጠረገ ወጣ። የቀኝ እጁ ጣቶች ጫፍ ያብረቀርቃል። ከዓመታት በፊት የራዲያተር እንፋሎት ገሽልጦት ነበር፤ ቆዳው ሲድን ስሜቱ ግን አልተመለሰም። የሻይ ብርጭቆ እንኳ መፋጀቱን የሚያውቀው ከንፈሩ ላይ ሲደርስ ነው። ከዚያ ወዲህ ረቂቅ ነገር በጣት መፈተሽ ሲኖርበት ሠናይትን ይጠራታል። ያስተማራትም እሱ ነው፦ «ቱርቦ ቀዝቅዞ ሳለ ወደ ጎን ትንሽ ቢወዛወዝ አትፍሪ፤ ሞተር ሲነሳ ያንን ክፍተት ዘይት ይሞላዋል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከሄደ ግን አበቃ።»

«ሠኒ፣ እስቲ ነይ» አላት።

ባለፈው ጉዞ መኪናው ዳገት ላይ ጉልበት አንሶት ያፏጭ ነበር። ነገ ደግሞ ለአዲስ ትምህርት ቤት ዴስክና ጥቁር ሰሌዳ ጭኖ ማንቡክ መሄድ አለበት። ማንቡክ እዚሁ ክልል ውስጥ ናት፤ ግን ከአሶሳ ቀጥታ የሚያደርስ መንገድ የለም። በወለጋ ወጥቶ፣ የአባይን በረሃ ወርዶ፣ በጎጃም ዞሮ ነው ወደ ራሱ ክልል ተመልሶ የሚገባው። ሲመለስም ሌላ ጭነት ይሰጡታል። እንዲህ ሄዶ ሳምንታት መቅረት ልማዱ ነው።

ሠናይት እነዚያን ሳምንታት ታውቃቸዋለች። ክልሉ አዲስ ሲቋቋም አባቷ በሾፌርነት እዚህ ተመደበ፤ እናቷ ሥራዋን ለቅቃ መምጣት ስላልቻለች ከትንሽ ወንድሟ ጋር ደሴ ቀረች። አባቷ ሲሄድ ሠናይት ለሁለት ሰው ሠርታ ብቻዋን ትቀመጣለች። ራዲዮኑ ሲዘጋ የራሷን ጉሮሮ ድምፅ ትሰማለች። የኻሚስ እህት ኑራ፣ የክፍሏ ልጅ፣ አንዳንዴ በሩን ታንኳኳለች፤ ሠናይት ግን «እያጠናሁ ነው» ትላታለች። ክፍል ውስጥ ልጆቹ በአካባቢው ቋንቋ፣ በበርታኛ፣ እያወሩ ሲሳሳቁ በእሷ ይሁን በሌላ አታውቅም። መጠየቅ ደግሞ ይበልጥ ፋራ ያስመስላል።

ቱርቦው አልቆ ቢሆን ሌላ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይቆያል፤ እስከዚያ ዝናቡ ይገባል፣ መንገዱም ይበላሻል። አባቷ ክረምቱን እዚሁ ነው።

ዘንጉን በሁለት ጣቷ ያዘች። ወደ ጎን ነቀነቀችው፤ ትንሽ ተወዛወዘ። ወደ ውስጥ ገፋችው፣ ወደ ውጭ ሳበችው። ምንም። ደገመችው። አሁንም ምንም።

«ወደ ፊትና ወደ ኋላስ?» አለ አባቷ።

«ይሄዳል» አለች።

ኻሚስ አጨበጨበ። «አላልኩም! ጎበዝ ነህ አንተ ሠናይት!» ሲቸኩል ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚለው።

የሻው መርገጫው ላይ ተቀመጠ። «እንግዲህ የማንቡክ ልጆች መስከረም ላይ መቀመጫ ድንጋያቸውን ይዘው ይምጡ» አለ። ከዚያ ቀና አለ። «በይ፣ ምሳ አብረን ነና ሽሮውን እኔ ልሥራው?»

«ባለፈው እንዳሳረርከው?»

«ያኔማ ምድጃው ነው ያጠፋው።»

ሳቀች። ስትስቅ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር አልሳቀም።

የሻው ቱርቦውን ለማውረድ ቁልፍ መረጠና የመጀመሪያውን ብሎን ያዘ። «ይቺን ልጅ አየሃት?» አለው ኻሚስን። «አባይ በረሃ ውስጥ ይሄ ዘንግ ቢበጠስ ስብርባሪውን ሞተሩ ይውጠዋል፤ እኛን ደግሞ ማን እንደሚውጠን አንተው ገምት። እሷ ደህና ነው ስትለኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምነዳው።»

«ዓይንህን ጨፍነህማ አትንዳ፣ ጋሽዬ!»

ሠናይት ጣቶቿን አየች። ጫፋቸው ጠቁሯል። ሌላ ጊዜ «ደህና ነው» ስትለው ያምናታል፤ «አልቋል» ስትለውም ያምናታል። ልዩነቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ዛሬ ምሳ ላይ ሽሮው ቢያርም ባያርም፣ ከፊቷ ተቀምጦ ሲበላ ይህን ነገር ልትነግረው አትችልም። ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ፤ እሷ ግን ብቻዋን ናት።

ብሎኑ ጥርቅ ብሎ ላላ።

«አባዬ፣ ተወው።»

«ምኑን?»

«ወደ ፊትና ወደ ኋላ አይሄድም።»

«አሁን ይሄዳል አላልሽም?»

«ዋሽቼ ነው።»

ኻሚስ ድንገት ማንጎው ላይ የሚታይ ነገር ያገኘ ይመስል ሽቅብ አንጋጠጠ። የሻው ቁልፉን እንደያዘ ልጁን አያት።

«ለምን?»

«ስትሄድ ቤቱ ዝም ይላል።»

የሻው ወደ ቱርቦው ዞረ። ብሎኑን አጠበቀ፤ ከጠበቀ በኋላም እጁን ወዲያው አላነሳም።

«ታዲያ ፉጨቱ ከየት ነው?» አላት። የሚጠይቃት የሥራ ባልደረባውን እንደሚጠይቅ ነው።

ሠናይት አጎነበሰች። ከቱርቦው ወጥቶ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ሌላውን ቱቦ በጣቷ ከላይ ጀምራ ዳሰሰችው። ላዩ ደህና ነው፣ ጎኑ ደህና ነው። ከሥሩ፣ ማሰሪያው ጠርዝ ላይ፣ ጥፍሯ ገባ።

«እዚህ ተሰንጥቋል።»

የሻው ማሰሪያውን በካቻቢቴ አላልቶ የተሰነጠቀውን ጫፍ በቢላ ቆረጠው፤ የቀረውን ጎማ ስቦ አሰረው። ሞተሩን አስነስቶ ነዳጅ ሲሰጥ ሦስቱም ጆሯቸውን አዘነበሉ። ፉጨቱ የለም።

እሁድ ጠዋት ዴስኮቹ ሸራ ለብሰው ተጫኑ። አባቷ ጋቢና ውስጥ ሆኖ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። «በሩን ቆልፊ» ብቻ አላት። መኪናው ከከተማው የሚያወጣውን ዳገት ሲወጣ ድምፁ ወፍራምና ንጹሕ ነበር። እስኪጠፋ አዳመጠችው።

ገብታ ተቀመጠች። ቤቱ እንዳለችው ዝም አለ። አመሻሹ ላይ በሩ ተንኳኳ።

«ሠናይት? እያጠናሽ ነው አይደል?» አለች ኑራ ከውጭ። «ያንኑ ልትይኝ ነው ብዬ ቀድሜሽ አልኩት።»

ሠናይት ደብተሯን አየችው። ተዘግቷል። ተነሥታ መቀርቀሪያውን ሳበችና ከፈተችላት።

የሻው ሲመለስ ዝናቡ ጀምሮ ነበር፤ ዴስኮቹን ማንቡክ አራግፏል። በማግስቱ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ ሠናይት ቱቦውን ፈታች። ነጩ ጨርቅ ዘይት ሳይነካው ወጣ። ዘንጉን ወደ ጎን ነቀነቀችው፤ እንደ ቀድሞው ትንሽ ተወዛወዘ። ወደ ፊት ገፋችው፣ ወደ ኋላ ሳበችው። ከዚያ ቦታዋን አጠገቧ ቆማ ለምታየው ለኑራ ለቀቀች። ኑራ ምላሷን ነክሳ ገፋች፣ ሳበች፣ ደገመች።

አልተንቀሳቀሰም።