ሦስት ነጥብ ያለው መዶሻ

«መዶሻው ነው የገደለው» አሏት ሉጥፊያን፤ መዶሻ ከግድግዳ ራሱን ፈትቶ ወርዶ ሰው የሚገድል ይመስል።

ስልኩ ሲደወልላት በስደት በምትኖርበት የዓረቦች ከተማ፣ ካፉሪ ሰፈር፣ በሰው ቤት ወለል እየወለወለች ነበር። በሥራ ቀሚሷ ድልድዩን ተሻግራ ሐበሻ የሚበዛበት ሳጃና ሰፈር ስትደርስ የወንድሟ የተውፊቅ ሬሳ ከጋሽ ዳውድ ብረት መቀጥቀጫ ቤት በረንዳ ላይ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ተጋድሟል። ጨርቁን ገለጠችው። ፊቱ የተኛ ሰው ፊት ነው። ከቀኝ ጆሮው በላይ ግን ፀጉሩ ከደም ጋር ደርቆ፣ አጥንቱ እንደ ሻይ ብርጭቆ አፍ ክብ ሆኖ ወደ ውስጥ ገብቷል። ጨርቁን መልሳ ጠርዙን ከትከሻው ሥር ወሸቅ አደረገችለት፤ ልጆች ሆነው ብርድ ልብሱን ሲገፍፍ ታደርግለት እንደነበረው።

የሆነው ነገር ለሁሉም ግልጽ ይመስል ነበር። ጋሽ ዳውድ የጋለውን ብረት በጉጠት ይዞ ሲያገላብጥ፣ ትልቁን መዶሻ የሚያሳርፈው ተውፊቅ ነው። ትናንት ፀሐይ ስትጠልቅ ሽማግሌው ለመግሪብ ሶላት፣ ከዚያም ወደ ቤቱ ሲሄድ ልጁ ለብቻው ቀረ። ጠዋት ጋሽ ዳውድ በሩን ሲከፍት፣ ብረት ከሚቀጠቀጥበት መስፍ ሥር ተዘርግቶ አገኘው። በእጁ ራስ የሌለው የመዶሻ እጀታ፣ ባዶ ዛቢያ፣ ጨብጧል። የመዶሻው ራስ ደም ነክቶት ራቅ ብሎ ወድቋል። እንግዲህ ሲቀጠቅጥ ራሱ ከዛቢያው ወልቆ፣ ከመስፉ ነጥሮ መታው ማለት ነው። መዶሻውስ የማን ሥራ ነው? የጋሽ ዳውድ።

ሁዘይፋ የተባለው ወጣት የፖሊስ መኮንን የክስ ወረቀት ይዞ ቀረባት። የሟች የቅርብ ዘመድ እሷ ብቻ ናት። ከፈረመች ጋሽ ዳውድ ሰው የሚገድል መሣሪያ ሠርቷል ተብሎ ይታሰራል፤ ቤቱም ይታሸጋል። ሽማግሌው ጥግ ላይ ተቀምጦ ጥላሸት በጠገቡ እጆቹ ፊቱን ሸፍኗል።

እስክሪብቶውን ተቀበለች። ተውፊቅ ብረት መቀጥቀጥ ሲጀምር ያፈረችው እሷ ነበረች። ባደጉበት የወሎ ቀበሌ ማረሻው ይወደዳል፣ ሠሪው ጠይብ ግን ሠርግ ቤት ከበር ይቀመጣል፤ ልጅም ከዓይኑ ይደበቃል። «ከጠይብ ጋር ምን አገናኘህ?» ብላው ነበር። እሱ ስቆባት ነበር። እጇ ወደ ወረቀቱ ሄደ።

«ልጄ፣ ቆዪ እስቲ» አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ።

እጅጋየሁን የሳጃና ሐበሻ ሁሉ ያውቃታል። ጎንደር ሳለች የወንጀል መርማሪ ነበረች። እዚህ ፖሊስ ጣቢያ ለሐበሻ ታስተረጉማለች፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ሰው ሲያወራት ዓይኗ ከፊቱ ይልቅ እጁ ላይ ያርፋል። ሁዘይፋም ለትርጉም ብሎ ነበር ያስጠራት። «ጀናቡ» አለችው፣ መኮንን በሚከበርበት በዓረብኛው አጠራር፣ «ወረቀቱ አያመልጥህም። ቀብሩ እስኪወጣ ታገሠኝ።»

ሁዘይፋ ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ። «እስከ ቀትር፣ እስከ ዙህር ሶላት። ከዚያ ወይ ትፈርማለች ወይ ትተወዋለች።»

እጅጋየሁ ሉጥፊያን በክንዷ ይዛ ፈቀቅ አደረገቻት። «ጨርቁን ስትገልጪ ምን አየሽ?»

«ወንድሜን።»

«ቁስሉን ነው የምልሽ።»

«ክብ ነው» አለች ሉጥፊያ። «እንደ ብርጭቆ አፍ።»

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። ትናንት ተነጋግረው እንደሆነ ጠየቀቻት። ሉጥፊያ ሳትደብቅ ነገረቻት፤ ተውፊቅ ከሰዓት በኋላ ደውሎ ጋሽ ዳውድን የሚያዋርድ ነገር እጁ እንደገባ ነግሯት ነበር። ምንድነው ስትለው ሰውየውን ሳይጠይቅ እንደማይናገር፣ ሳይሰሙት ሰውን ማማት ነውር እንደሆነ መለሰላት።

«ሰውየው ማን ነው?»

«ጋሽ ዳውድ ራሱ መስሎኝ ነበር። እትዬ፣ እርስዎ ባይደርሱ ፈርሜ ነበር።»

አብረው ወደ ውስጥ ገቡ። ግድግዳው ላይ መዶሻ፣ መሮ፣ ዶማና መጥረቢያ በተርታ ተሰቅሏል። ጦርነቱ ከከተማዋ ከወጣ ወዲህ ቤቱን ሊጠግን የተመለሰ ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልገው መሣሪያ ነው። ጋሽ ዳውድ በየመንገዱ የተቃጠሉትን የጭነት መኪናዎች ባሌስትራ፣ ከሥር የሚሸከማቸውን ብረት፣ እየፈታ ይቀጠቅጣል። ሥራው አዝጋሚ ነው፤ ዋጋውም ከውጭ ከሚመጣው እጥፍ ነው። ግንበኛው ግን እያጉረመረመም ቢሆን ይገዛዋል፤ የውጭው ሲሰበርበት ዞሮ እንደሚመጣ ያውቃላ። የመዶሻው መምቻ ፊት በእጅ ስለሚወጣ ስምንት ማዕዘን ነው። ጎኑ ላይ እንደ ጉልቻ የተቀመጡ ሦስት ነጥቦች ተመትተውበታል። የዛቢያው አናት በሐሩሩ እንዳይሰነጠቅ በተቃጠለ ዘይትና በጥላሸት ይለሰናል።

እጅጋየሁ የወደቀውን የመዶሻ ራስ አንስታ በቀዳዳው ውስጥ ብርሃኑን አየች። ከሥሩ፣ ወደ እጀታው በሚዞረው በኩል፣ የሚያብረቀርቅ አዲስ ጭረት ነበረበት። ዛቢያውንም አንስታ አናቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና አየችው። ከበሩ አጠገብ የተውፊቅ ቦርሳ ተሰቅሏል። ባዶ ነው፤ ውስጡ ግን ጥቁር ዘይት ጠጥቷል።

ከመንገዱ ማዶ ሂሻም ከውጭ የመጣ መሣሪያ ይሸጣል። እጅጋየሁ ዳውድ ቢዘጋ ማን እንደሚጠቀም ስትጠይቀው አልተቆጣም። «እኔ ነኛ፣ ያ ኻላ» አላት፤ አክስቴ ማለቱ ነው። መዶሻውን በግማሽ ዋጋ ቆልሎ የሚነካለት እንደሌለ፣ ሰዉ አብዶ የተቃጠለ መኪና እንደሚገዛ አማረረ። «ዳውድ ቢዘጋ አላለቅስም። ሰው ግን አልገድልም።»

«ከነጭራሹ የሚገዛህ የለም?»

«አስፋው አለ እንጂ። ለካላክላ ገበያ እያለ በካርቶን ይወስድልኛል። አላህ ይስጠው።»

አስፋው ከልቅሶተኞቹ ጋር በረንዳው ላይ ቆሟል። የጋሽ ዳውድን መሣሪያ እየዞረ ለግንባታ ቦታዎች የሚያሻሽጥ ደላላ ነው። ሸሚዙ ነጭ፣ ጥፍሩ ንጹሕ፣ ምላሱ ዘይት የጠጣ። ሉጥፊያን አቅፎ አልቅሷል። እጅጋየሁ ስትጠይቀው እየተከዘ መለሰላት።

«ይሄ ሁለተኛው ነው፣ እትዬ። ባለፈው ሰሞን ቡሪ ሰፈር ምስጋናው የሚባለውን ግንበኛ ክንድ የሰበረው የጋሽ ዳውድ መዶሻ እንዲሁ ራሱ ወልቆ ነው። ለጋሽ ዳውድ ነገርኩት። ጠይብ ምክር ይሰማል?»

ጋሽ ዳውድ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ገለጠ። «ቡሪ መዶሻ አልሸጥኩም። የኔ መዶሻ ደግሞ አይወልቅም።»

«እርጎዬ ኮምጣጣ ነው የሚል ሻጭ አይተን አናውቅም፣ ጋሼ» አለ አስፋው። ከቆሙት አንዳንዶቹ ሬሳው አጠገባቸው መሆኑን ረስተው ፈገግ አሉ። ጋሽ ዳውድ ፊቱን መልሶ ሸፈነ።

እጅጋየሁ ምስጋናውን ስልክ ደውላ አገኘችው። ሉጥፊያ ጆሮዋን አስጠግታ ትሰማ ነበር። አዎ፣ መዶሻው ሦስት ነጥብ ነበረበት። አዎ፣ ተውፊቅ ትናንት ሊጠይቀው መጥቶ ነበር። የሰበረውን መዶሻ አሳየኝ ብሎ፣ የዛቢያውን አናት ጠርጎ ረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚያ ራሱንም ዛቢያውንም ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ሄደ። ምስጋናው ከማን ገዛኸው ሲባል አሠሪው ከገበያ እንዳመጣው እንጂ ሌላ አያውቅም።

ዙህር ሊደርስ ሲል እጅጋየሁ ሁሉንም ወደ ውስጥ አስገባቻቸው። ሁዘይፋ ከመስፉ አጠገብ፣ ሂሻምና አስፋው ከፊቱ፣ ጋሽ ዳውድ ጥጉ ላይ። ሉጥፊያ ወረቀቱን እንደያዘች በሩ ሥር ቆመች፤ ከኋላዋ ወንድሟ አለ። ሴትዮዋ በዓረብኛ ትናገርና በአማርኛ ትደግመው ነበር።

ከግድግዳው አንድ መዶሻ አውርዳ ለሂሻም ሰጠችው። «ራሱን አውልቅልኝ።»

ሂሻም መዶሻ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው፤ ዛቢያውን ይዞ ራሱን ከሥሩ ወደ አናት በብረት ቁራጭ መታው። አልነቃነቅ አለ። ደገመው፤ ይባስ ጠበቀ። ሁዘይፋ ተቀብሎ ሞከረ፤ ላቡ ወረደ እንጂ መዶሻው እንዳለ ነው። «ወላሂ አይወልቅም» አለ አንዱ ከበሩ። ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ሉጥፊያ ሰማችው፤ መኮንኑም ጋሽ ዳውድን በሌላ ዓይን ሲያየው አየች።

ይህን አስፋውም አየ።

«ወዲህ በሉት» አለ። «አይወልቅም ብላችሁ የሰው ደም ልታስቀሩ ነው?» መዶሻውን ነጥቆ ራሱን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ያዘና የዛቢያውን የታች ጫፍ መስፉ ላይ ነረተው፤ ደግሞ ነረተው። የመዶሻው ራስ ተላቆ፣ በዛቢያው ላይ ወደ ታች ተንሸራትቶ እጁ ላይ አረፈ። «ይኸው! ወለቀ።»

«ወለቀ» አለች እጅጋየሁ። «ወዴት ነው የወለቀው?»

አስፋው እጁን አየ።

«ሰው ሁሉ መዶሻ ሲላላበት እንዲያ ነው የሚያጠብቀው፤ ሂሻምን ጠይቁት። አንተ ግን ለማውለቅ አደረግከው፤ ትክክልም ነበርክ።» ዛቢያውን ተቀብላ አናቱን ለመኮንኑ አሳየችው። «ጀናቡ፣ የሱቁ መዶሻ ዛቢያው ከሥር ገብቶ አናቱ ላይ ማጥበቂያ ሽብልቅ ይመታበታል። ሽብልቁ ሲላላ ራሱ ወደ ፊት ይወረወራል። ጋሽ ዳውድ ግን መዶሻውን እንደ ዶማ ነው የሚሠራው። ሱንት የሚባለውን የግራር እንጨት አናቱን አወፍሮ ይጠርበዋል፤ ራሱ ከታች፣ በቀጭኑ በኩል ይገባል። ስትመታበት ይጠብቃል። ብዙ እንጨትና ብዙ ሥራ ይበላል፤ የዋጋው ነገርም አንዱ ይኸው ነው። ሞክረው፤ ይህ ወፍራም አናት በዚያ ቀዳዳ ያልፍ እንደሆነ።»

ሁዘይፋ ሞከረ። አላለፈም።

«ስለዚህ አልተወረወረም፤ በሰው እጅ ነው የወለቀው። ሰውየው መጀመሪያ እንደ ሂሻም ከሥር መትቶታል፤ ጭረቱ አዲስ ነው። እምቢ ሲለው መንገዱን አገኘ። እንዴት እንደሚወርድ በእጁ ያወቀ ሰው፣ ከዚያ በኋላ ተወርውሮ ገደለው ብሎ እንዴት ያምናል? አስፋው፣ አንተ ጠዋቱን ሙሉ ያልከው ግን እሱን ነው።»

«ሻጭ ነኝ፤ ሲበተን አይቼ ይሆናል» አለ አስፋው።

እጅጋየሁ ወደ በሩ ዞረች። «ሉጥፊያ፣ የወንድምሽ ቁስል ምን ዓይነት ነው?»

«ክብ» አለች ሉጥፊያ። ከዚያ የወደቀውን መዶሻ ፊት አየችው፤ ስምንት ማዕዘን፣ ጠርዙ ሁሉ የሾለ። የበሩን መቃን ያዘች። «በዚህ አይደለም የተመታው።»

«አይደለም። ክብ ፊት ያለው የፋብሪካ መዶሻ ነው። የምስጋናውን ክንድ የሰበረው ያው መዶሻ፤ ተውፊቅ በቦርሳው ይዞት የመጣው። አስፋው፣ የሂሻምን መዶሻ በርካሽ ወስደህ ጥላሸት ቀባኸው፣ ሽብልቁን በዘይት ሸፈንከው፣ ሦስት ነጥብ መታህበትና በጋሽ ዳውድ ዋጋ ሸጥከው። የጋሽ ዳውድን መሣሪያ ይዘህ የምትዞረው አንተ ነህና ልጁ አወቀብህ። ሳይሰማህ ሊያማህ ስላልፈለገ ጠራህ። የገደልክበትን እዚህ ልትተወው አትችልም፤ የውሸት ምልክቱ ያሳጣሃል። የጋሽ ዳውድን አውርደህ ደም አስነክተህ ተውከው። የአንተ መዶሻ ራሱ ሲወረወር ስለምታውቅ የእሱም ይወረወራል ብለህ አሰብክ። ዓመት ሙሉ ስትሸጠው አንድ ቀን አልሠራህበትም።»

ሁዘይፋ አንድ ፖሊስ ወደ አስፋው መጋዘን ላከ። ፖሊሱ በገመድ የታሰሩ ጥቁር መዶሻዎች ተሸክሞ መጣ፤ ሁሉም ክብ፣ ሁሉም ባለ ሦስት ነጥብ። አንደኛው ዛቢያው አዲስ ነው። እጅጋየሁ ጥላሸቱን ጠረገችው፤ በቀዳዳው ጠርዝ ደምና ጥቂት ፀጉር ደርቋል። አስፋው አልጣለውም ነበር። አዲስ ዛቢያ ገጥሞለት ከሌሎቹ ጋር ለሽያጭ አስሮታል።

ጋሽ ዳውድ ተነስቶ ያየው ይህን ብቻ ነው።

«ዝም በል ብዬው ነበር» አለ አስፋው ወደ መሬት እያየ። «ለምኜዋለሁ። ለሽማግሌው ነግረህ ይቅርታ ጠይቅ አለኝ። ለጠይብ!»

ሉጥፊያ በእጇ ያለውን ወረቀት ቀድዳ ለሁዘይፋ መለሰችለት። መኮንኑ ሌላ አወጣና የአስፋውን ስም ጽፎ ሰጣት። ፈረመችበት።

ቃሬዛው ሲነሳ ወንዶቹ መቆፈሪያ ሊወስዱ ገቡ። ጋሽ ዳውድ ዶማና አካፋ እያወረደ ሰጣቸው። ለቀብር የሚወጣ መሣሪያ እሱ ዘንድ ኪራይ የለውም፤ በዚያ በክፉው የጦርነት ጊዜ በሰፈሩ ያለ መቃብር ሁሉ በነዚህ ነው የተቆፈረው። አስፋው በዚህ ልማዱ ይስቅበት ነበር። ዛሬ ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ዶማ የተሸከሙት ሰዎች መንገድ እስኪለቁለት ጥግ ይዞ ቆመ።

ሴቶቹ በረንዳው ላይ ቀሩ። ፀሐይዋ ካዘቀዘቀች በኋላ ወንዶቹ ተመለሱ፤ ዶማዎቹን ከግድግዳው አስደግፈው ተቀመጡ። ጋሽ ዳውድ በጨርቅ ሊጠርጋቸው ጎንበስ ሲል ሉጥፊያ ቀደመችው። እርጥቡን አፈር በጣቷ እያራገፈች ሦስቱን ነጥቦች አገኘቻቸው።

«ጋሼ» አለችው። እንዲህ ብላ ጠርታው አታውቅም። «ተውፊቅ የቀጠቀጠው የትኛውን ነው?»

ሽማግሌው ዶማዎቹን አየ፤ ከዚያ በበሩ ውስጥ በግድግዳው የተሰቀለውን ሁሉ አየ።

«እኔ እይዛለሁ እንጂ» አለ፣ «ሁሉንም የመታው እሱ ነው።»

ሉጥፊያ የቀረውን የወንድሟን መቃብር አፈር ሳታራግፍ ተወችው።